ከውጭ አገር ስለሚላክ ውክልና፦ ደብረ ብርሃን ቤት፣ መንዝ መሬት ላላችሁ

«በሁሉም ነገር ወክየዋለሁ» የሚል ውክልና ከሪያድ ወይም ከዋሽንግተን ተጉዞ ደብረ ብርሃን ይደርስና ቤት ለመሸጥ አይበቃም ተብሎ ይመለሳል። ወረቀቱ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ገንዘብም ወጥቶበታል። የጎደለው አንድ ቃል ነው፤ «እንዲሸጥልኝ» የሚለው።

ምክንያቱ የሠራተኛው ክፋት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውክልናን በሁለት ይከፍለዋል። ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራው። አንቀጽ 2204 እንደሚለው ንብረት መጠበቅና ማደስ፣ ከሦስት ዓመት ለማያልፍ ጊዜ ማከራየት፣ ያበደሩትን መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ ይኼን የመሰለውን ነው። ከዚያ ያለፈው ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ቤት መሸጥ ወይም በመያዣ ማስያዝ፣ ስጦታ ማድረግ፣ መታረቅ፣ በፍርድ ቤት መክሰስና መከራከር ሁሉ በአንቀጽ 2205 ተቆጥረው ተቀምጠዋል። «ሁሉም ነገር» የሚለው ቃል የቱንም ያህል ሰፊ ቢመስል ሕጉ በጠባቡ ነው የሚያነበው።

ስለዚህ ስታስጽፉ ሥራውን ከመጨረሻው ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩት። ተወካያችሁ ቤት የሚሸጥ ከሆነ፣ ገዢው ቁልፉን እስኪረከብ ድረስ በየትኞቹ መስኮቶች ላይ ይቆማል? በየመስኮቱ ምን ይፈርማል? የሽያጭ ውል ይፈርማል፤ ዋጋውን ይቀበላል፤ የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚገልጽ ክሊራንስ ያወጣል፤ ካርታው ከጠፋ ምትክ ይጠይቃል፤ ስሙ ለገዢው እንዲዛወር ያመለክታል፤ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ያስረክባል። እያንዳንዱ በየራሱ ቃል ይጻፍ። መሸጥ ተጽፎ ገንዘብ መቀበል ካልተጻፈ ጠንቃቃ ገዢ ብሩን አይሰጥም፤ ቢሰጥም የሚጣላበት በር ይከፈታል። ንብረቱም በስም ብቻ ሳይሆን በማስረጃው ይገለጽ። ለቤት ከተማ፣ ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ፣ የካርታ ቁጥርና ስፋት በካሬ ሜትር፤ ለገጠር መሬት ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ጎጥ፣ የደብተር ቁጥርና በአራቱ ማዕዘን የሚያዋስኑት።

ለመሸጫ እንዲህ ያለ አጻጻፍ ይሠራል፦

«በደብረ ብርሃን ከተማ፣ በ… ክፍለ ከተማ፣ በ… ቀበሌ የሚገኘውን፣ የካርታ ቁጥሩ …፣ ስፋቱ … ካሬ ሜትር የሆነውን፣ በስሜ የተመዘገበውን መኖሪያ ቤት ከብር … ባላነሰ ዋጋ እንዲሸጥልኝ፣ የሽያጭ ውሉን ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲፈርምልኝ፣ የሽያጩ ዋጋ በስሜ በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ቁጥር … ብቻ ገቢ መሆኑን አረጋግጦ እንዲቀበልልኝ፣ የባለቤትነት ስሙን ለገዢው እንዲያዛውርልኝ፣ ለዚሁ ሥራ የሚያስፈልጉ ማስረጃዎችን ከማንኛውም መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት እንዲያወጣልኝ፤ ሆኖም ቤቱን ለራሱ፣ ለትዳር ጓደኛው ወይም ለልጆቹ መሸጥ አይችልም።»

እዚህ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጡት «ባላነሰ» እና «ብቻ» የሚሉት ናቸው። የመጀመሪያው ቤቱ በግማሽ ዋጋ እንዳይሄድ ያግዳል፤ ሁለተኛው ብሩ በተወካዩ ኪስ እንዳያልፍ። ዝቅተኛ ዋጋ ስትጽፉ በውሉ ላይ የሚሰፍረውን እውነተኛ ዋጋ አስቡ እንጂ ለግብር ሲባል ዝቅ ተደርጎ የሚጻፈውን አይደለም። ያ የሁለት ዋጋ ልማድ በኋላ ሽያጩ ሲፈርስ ባለቤቱን ነው የሚያጋልጠው፤ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው።

አንድ ሰው ላይ ሁሉን መጫን አያዋጣም ባይ ነኝ። ማከራየት፣ ግብር መክፈልና ቆርቆሮ ማስጠገን ለአንዱ በጠቅላላ ውክልና ይሰጥ፤ መሸጫው ግን ገዢ ተገኝቶ ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ለብቻው ይምጣ። የቆንስላ ክፍያና ጉዞ ሁለት ጊዜ ይሆናል፣ እውነት ነው። ለአሥር ዓመት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ የመሸጫ ውክልና ግን ከዚያ ይበልጥ ያስከፍላል።

ስለ መንገዱ። ዋናው ቅጂ ነው የሚሠራው፤ በዋትስአፕ የተላከ ፎቶ ለማስነበብ እንጂ ለማስፈጸም አይሆንም። ውክልናው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፊት ይፈረማል፤ ፓስፖርት ይዛችሁ ራሳችሁ መቅረብ አለባችሁ። አሠሪዋ ፓስፖርቷን የያዘችባት ሠራተኛ ቀድማ በኮፒውና በሌላ መታወቂያ ይቻል እንደሆነ ለቆንስላው ደውላ ትጠይቅ፤ ሄዳ ከመመለስ ይሻላል። ኤምባሲው ሩቅ በሆነበት አገር ሌላ በር አለ። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ በኖተሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ፊት ይፈረማል፣ ቀጥሎ የክፍለ ግዛቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት፣ ከዚያ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በመጨረሻ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ያረጋግጠዋል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሚያረጋግጠው ከእሱ በፊት የነበረውን ማኅተም ነውና።

አገር ቤት ሲደርስ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ከቦሌ ተቀብሎ በቀጥታ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሳፈር ተወካይ 130 ኪሎ ሜትሩን ተመልሶ ይመጣታል። መጀመሪያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የኤምባሲውን ማኅተም ያረጋግጣል፤ ቀጥሎ ሰነዶች ማረጋገጫ (ሰው ዛሬም ውልና ማስረጃ ነው የሚለው) ይመዘግበዋል። ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ ወይም ከአጣዬ የሚመጣ ዘመድ አንዴ አዲስ አበባ ከገባ ሁለቱንም ጨርሶ፣ የተረጋገጠ ኮፒ አራት አምስት አስወጥቶ ይመለስ። አንዱ ኮፒ መሬት አስተዳደር ፋይል ውስጥ ይቀራል፣ አንዱ ባንክ፣ አንዱ ፍርድ ቤት፤ ዋናው ከእጅ አይውጣ።

ያገባ ሰው ብቻውን ቢወክል የቤት ሽያጩ ይቆማል። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ሆነ በፌዴራሉ። ስለዚህ ባልና ሚስት አንድ ላይ ቀርበው ይፈርሙ፤ አንዱ ጅዳ ሌላው ሸዋ ሮቢት ከሆኑ አገር ቤት ያለው በራሱ ይፈርማል፣ ውጭ ያለው ይወክላል። ያላገባ ደግሞ ያላገባ ማስረጃ ይጠየቃልና ሳይጠየቅ ያዘጋጅ፤ ከፈታም የፍቺውን ውሳኔ ኮፒ።

አሁን ስም። ወረቀት ከሚያስመልሱ ነገሮች ሁሉ የስም ልዩነት ሳይበልጥ አይቀርም። ካርታው ላይ «ወልደ ጻድቅ»፣ ፓስፖርቱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል የተበላሸ፣ ውክልናው ላይ ደግሞ ቆንስላው ከፓስፖርቱ ወደ አማርኛ መልሶ የጻፈው «ወልደሳዲቅ»። በሦስቱም ያለው ሰው አንድ ነው፤ መዝገቡ ግን ሦስት ሰው ያያል። በደላላ በኩል በሌላ ስም ፓስፖርት ያወጡ ደግሞ ጣጣቸው ከዚህ የከፋ ነው። መፍትሔው ውክልናው ከመፈረሙ በፊት የካርታውን ወይም የደብተሩን ፎቶ አስልኮ ስሙን ፊደል በፊደል ከዚያ መቅዳት ነው፤ «ሀ» እና «ኀ»፣ «ሰ» እና «ሠ» ሳይቀሩ፣ የአያት ስምም ጭምር። ፓስፖርቱ የተለየ ከሆነ በውክልናው ላይ «በፓስፖርት … ተብዬ የምጠራው፣ በይዞታ ማረጋገጫዬ … ተብዬ የተመዘገብኩት» ብሎ ሁለቱንም መጻፍ ይረዳል። ልዩነቱ ከፊደል አልፎ ሌላ ስም ከሆነ ግን ይህ አይበቃም፤ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ፍርድ ቤት በምስክር እንዲወስን ማመልከት ያስፈልጋል። ለዚያም ውክልና ውስጥ «በፍርድ ቤት አመልክቶ እንዲያስወስንልኝ» የሚል ቃል ይኑር። ቀንም እንዲሁ ነው፤ በእኛና በፈረንጆቹ አቆጣጠር መካከል ያለው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የልደት ዘመን ሲያዛባ ታያላችሁ። ቀን በጻፋችሁበት ሁሉ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ለዩ።

የሌላ አገር ዜግነት የወሰዳችሁ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ኢትዮጵያዊነታችሁ ቀርቷል፤ ሁለት ዜግነት አይፈቀድም። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣው ለዚህ ነው፤ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያሠራል፣ ቤትም ያስይዛል። ካርዱ የሌለው ሰው በስሙ ካርታ ያለው ቢሆን እንኳ የፍትሐ ብሔር ሕጉ እስከ 2017 ዓ.ም. የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው ይከለክል ስለነበር ጥያቄ ሊነሣበት ይችላል። ቤት ጉዳይ ከመጀመራችሁ በፊት ካርዱን አውጡ፤ ቁጥሩንም በውክልናው ላይ አስፍሩ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የብዙ ሰው ዕዳ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ በዘመድ ስም የተሠራ ቤት። ቤሩት ወይም ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራ እህት ለዓመታት ትልካለች፤ ደብረ ብርሃን ወይም ደብረ ሲና ላይ ቤት ይቆማል፤ ካርታው በወንድሟ ስም ይወጣል፣ «ስትመጪ ይዛወርልሻል» ተብሎ። ሕጉ ከወንድምየው ጋር ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 መሠረት አስተዳደሩ የባለቤትነት ማስረጃ የሰጠው ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል። እሷ ገንዘብ መላኳን ብታስረዳ እንኳ ለስጦታ ነው፣ ለእናት ቀለብ ነው፣ ለብድር ነው የሚለው ክርክር ይመጣል። ብድር ነው ካለች አንቀጽ 2472 ይጠብቃታል፤ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው በፍርድ ቤት ሲያምን ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር በምስክር አይረጋገጥም። መንደሩ ሁሉ ቢያውቅ አይጠቅማትም።

ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው በገዛ ስማችሁ እንዲሠራ አድርጉ፤ ውክልናው ቤት መግዛትን ወይም ቦታ በሊዝ መውሰድን፣ የግንባታ ፈቃድ ማውጣትን፣ ካርታ መቀበልን ይጨምር። ለመግዛት ሰው ስትወክሉ «በስሜ» የሚለው ቃል በውክልናው ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ይህ ሳይሆን ቀርቶ በወንድም ስም ያለው ነገር ካለ ሳትጣሉ በሰላሙ ጊዜ፣ በጽሑፍ፣ ሁለቱም ፈርመው በምስክር ፊት ገንዘቡ ለምን እንደተላከ ይጻፍ። «ወንድሜን እንዴት ፈርም እለዋለሁ» የሚለው ይሉኝታ እኛ ሸዋዎች ዘንድ ከባድ ነው፤ ግን የሚጣሉት ወንድማማቾች ብቻ አይደሉም። ወንድም ያገባል፣ ወንድም ይሞታል፣ ካርታው ለሚስቱና ለልጆቹ ይሆናል፤ እነሱ ከእናንተ ጋር የተስማሙት ነገር የለም።

ገንዘብ ስትልኩም ዱካ ይኑረው። በባንክ ወይም በሕጋዊ አስተላላፊ የተላከ ብር ላኪ፣ ተቀባይ፣ ቀን አለው፤ በጥቁር ገበያ በሰው እጅ የደረሰ ብር ግን ከእናንተ ለመምጣቱ ማስረጃ የለም። ግንባታ ላይ ላለ ሥራ በስማችሁ ሒሳብ ከፍታችሁ ተወካዩ እንዲያንቀሳቅስ ማድረግ ይሻላል፤ ትልቅ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሰዎች በጣምራ ፊርማ እንዲያወጡ። ሲሚንቶና ብረት የሚገዛበት ደረሰኝ በእናንተ ስም ይቆረጥ፤ ዕቃ ሻጩ ላይ ምንም ለውጥ የለውም፣ ለእናንተ ግን ማስረጃ ነው።

ውርስ ላይ ጊዜው ያጣድፋል። አባት ወይም እናት ሲያርፉ የሞት ምዝገባ በ30 ቀን ውስጥ ቀበሌ ላይ መደረግ አለበት (አዋጅ ቁጥር 760/2004)። ቀብርና ተዝካሩ ይህን ያስረሳል፤ ከዓመት በኋላ የወራሽነት ፋይል ሲከፈት ነው ወረቀቱ የሚታወሰው። ወራሽነት የሚጠየቀው ሟች ዋና መኖሪያቸው በነበረበት ቦታ ባለ ፍርድ ቤት ነው፤ እናንተ ካላችሁበት ሳይሆን። ውጭ ያለ ልጅ ሳይጠቀስ ሌሎቹ የወራሽነት ማስረጃ ቢያወጡ መብቱ ወዲያው አይጠፋም። ነገር ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 ሰዓት ቆጥሯል፤ መብቱንና ንብረቱ በሌላው እጅ መግባቱን ካወቀ ጀምሮ ሦስት ዓመት፣ በማናቸውም ሁኔታ 15 ዓመት። «አገር ስገባ እናወራዋለን» ተብሎ የሚታለፈው ሦስት ዓመት በስደት ኑሮ እንደ ትናንት ነው።

የውርስ ውክልና ውስጥ ማመልከት፣ መከራከር፣ ይግባኝ ማለት፣ መታረቅ፣ ድርሻ መረከብ እና ጠበቃ መወከል ለየብቻ ይግቡ። ጠበቃ ያልሆነ ተወካይ ፍርድ ቤት ቆሞ እንዲከራከር ከፈለጋችሁ የቅርብ ቤተ ዘመድ ይሁን፤ ጎረቤት ወይም የሰፈር ጓደኛ አይቀበሉትም። «ድርሻዬን ለእህቴ ትቻለሁ» ብላችሁ በስልክ መናገር ወይም ደብዳቤ መጻፍም ዋጋ የለውም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በአንቀጽ 2443 የሚደረገው በግልጽ ኑዛዜ ሥርዓት ነው፤ ያም አራት ምስክር፣ ወይም አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይፈልጋል።

የገጠሩ መሬት አጭር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ስለዚህ «የመንዙን መሬት እንዲሸጥልኝ» የሚል ውክልና ገና ሲጻፍ የሞተ ነው። ማከራየት፣ ማውረስና ለሕጉ በሚስማማ ሰው ስጦታ መስጠት ይቻላል፤ ውሉ ግን በጽሑፍ ሆኖ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። በቃል ለእኩል አራሽ ተሰጥቶ አሥር ዓመት የታረሰ መሬት፣ በተለይ እንደ ሞረትና ጅሩ ያለ ስንዴ የሚሰጥ ጥቁር አፈር ከሆነ፣ ማን እንደነበረው የሚያስታውስ ሰው እየቀነሰ ይሄዳል።

ውክልና የማይደርስባቸው ነገሮች አሉ። ኑዛዜ ሰው ራሱ ነው የሚያደርገው። ፋይዳ መታወቂያና ፓስፖርት አሻራ ይፈልጋሉ። ወካይ ሲሞት ደግሞ ሌላ የተለየ ቃል ካልተጻፈ ውክልናው አብሮ ይሞታል (አንቀጽ 2232)፤ አባታቸው በሕይወት ሳሉ በሰጡት ወረቀት ከሞታቸው በኋላ ኪራይ የሚሰበስብ ልጅ በማን ስም እንደሚሠራ ይጠየቃል።

ያከራያችሁት ቤት ካለ የኪራይ ገቢ ግብርና የቦታ ኪራዩን ተወካዩ በየዓመቱ በሐምሌ እንዲጠይቅ አድርጉ፤ ያልተከፈለ ግብር ከነቅጣቱ የሚታየው ቤቱ ሲሸጥ ክሊራንስ በሚጠየቅበት ቀን ነው። በሊዝ የወሰዳችሁት ባዶ ቦታ ከሆነ በውሉ ላይ የተጻፈውን የግንባታ መጀመሪያና ማጠናቀቂያ ቀን ቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ጻፉት፤ ቦታ የሚወሰደው በዚያ ነው። ተከራይ ሲወጣ የቆጣሪ ንባብ ተፎቶ ይላክ፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት ጣሪያና አሸንዳው ይታይ። የወላጆች እድር ክፍያም በተወካዩ ዝርዝር ውስጥ ይግባ፤ ሳይከፈል ቀርቶ የሚያሳፍረው በለቅሶ ቀን ነው።

ተወካዩን ማመን ስታቆሙ ደውሎ «ከእንግዲህ አትሥራ» ማለት አይሽርም። ወካይ በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል (አንቀጽ 2226)፤ ግን መሻሪያውም እንደ ውክልናው በቆንስላ ተፈርሞ፣ በውጭ ጉዳይ ተረጋግጦ፣ ውክልናው የተመዘገበበት ቦታ ይገባል። የተሻረውን ውክልና ቁጥርና ቀን ይጥቀስ። ከዚያ ኮፒው ፋይሉ ላለበት መሬት አስተዳደር፣ ለባንኩ፣ ለተከራዩና ለራሱ ለተወካዩ በደብዳቤ ይድረስ፤ መሻሩን ሳያውቅ ከእሱ ጋር የተዋዋለ ሰው ሕጉ ሊጠብቀው ይችላልና። ለእያንዳንዱ ሲሰጥ በእናንተ ኮፒ ላይ የመዝገብ ቤቱ ማኅተምና የገባበት ቀን ይመታ። ዋናውን ውክልና ከእጁ መልሶ መቀበል ከተቻለ በዚያው ቀን ይደረግ፤ እምቢ ካለ በመሻሪያው ደብዳቤ ላይ እንዲመልስ መጠየቁ ይጻፍ።